ፊልሙም ዘፈኑም በአንድ ሳሎን

ኅዳር ሲያልቅ ስቶክሆልም ላይ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ጥላን ትሄዳለች። ከዚያ ወዲያ የቤተሰቡ መሰብሰቢያ ሳሎን ነው። አርብ ማታ ልጆቹ «ፍሬዳግስሚስ» ብለው ቺፕሳቸውን ታቅፈው ፊልም ይጠብቃሉ። እሁድ ደግሞ ዘመድ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ አባት ጥላሁንን ወይ ማህሙድን መስማት ያምረዋል። ክፍሉ አንድ ነው፣ ፍላጎቱ ግን ሁለት።

በቅርቡ ከምግብ ቤቴ ደንበኞች አንዱ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ 13 ዓመቷ ነው። የወጣትነቴን ዘፈን ከስልኬ አሰማኋት። ‹አባዬ፣ ይሄ እኮ ቆርቆሮ ነው የሚመስለው› አለችኝ። አሁን ትልቅ ቴሌቪዥን ገዝተናል፣ የድምፅ ዕቃ ልንጨምርለት ነው። ለፊልሙም ለዘፈኑም የሚሆን ምን ልግዛ?» ጥያቄው የብዙዎቻችን ስለሆነ የዚህን ወር ገጼን ለእሱ ሰጥቼዋለሁ።

ልጅቷ እውነቷን ነው። የስልክ ስፒከር ከጥፍር ብዙም አይበልጥም። የቤዝ ጊታሩን፣ የከበሮውን፣ የበገናውን ወፍራም ድምፅ ከየት ያመጣዋል? የሚቀረው የዘፈኑ ቀጭን ቀጭኑ ብቻ ነው። ልጅቷ የጠላችው ዘፈኑን ሳይሆን ስልኩን ነው። እዚህ ተወልደው የሚያድጉ ልጆች የእኛን ሙዚቃ በታክሲ አይሰሙትም፣ ከጎረቤት ግቢም አይመጣላቸውም። ከእኛ ሳሎን ካልሰሙት የትም ላይሰሙት ይችላሉ። ስለዚህ በዚያ ክፍል ውስጥ የሚሰማው ድምፅ እንደ ቀላል የሚታይ ጉዳይ አይደለም።

መጀመሪያ ቁሌቱ

ሱቅ ስትሄዱ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነገር ያሳዩአችኋል። አንዱ ሳውንድባር ነው፤ ከቴሌቪዥኑ ሥር የሚቀመጥ ረዘም ያለ ሳጥን። ንግግሩን ከቴሌቪዥኑ የተሻለ ያሰማል፣ ቦታም አይፈጅም። ግን ግራና ቀኙ በጣም ስለሚቀራረብ ሙዚቃው ይጠብባል። ሌላው በአንድ ካርቶን ታሽጎ የሚሸጠው የቤት ሲኒማ ነው፤ 5 ትናንሽ ስፒከሮችና 1 የቤዝ ሳጥን። በፊልም ፍንዳታ ያስደስታል፤ ዘፈን ስትከፍቱበት ግን ድምፃዊው ጉሮሮው የታነቀ ይመስላል። ምን ይደረግ፣ የከፈላችሁት ገንዘብ ለ6 ሳጥን ሲከፋፈል ለአንዱም በቂ አይደርሰውም።

የኔ ምክር ይሄ ነው፦ ከፊት ለፊት ከሚቆሙ 2 ጥሩ ስፒከሮች ጀምሩ። ለድምፅ ከያዛችሁት ገንዘብ ቢያንስ ግማሹን ለእነሱ ስጡ። ሌላው ሁሉ በኋላ አንድ በአንድ ይመጣል። ወጥ የምትሠሩ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ቁሌቱ በደንብ ከበሰለ ሥጋም ቢገባበት ምስርም ቢገባበት ያምራል። ሽንኩርቱ ጥሬ ከሆነ ግን ምንም ብትጨምሩበት አይድንም። 2 ጥሩ ስፒከሮች ፊልምን ይችሉታል። 5 ደካማ ስፒከሮች ግን ሙዚቃን አይችሉትም።

ስቴሪዮ ከሲኒማ ነው የመጣው

ብዙ ሰው ስቴሪዮ የዘፈን፣ ሌላው ነገር ሁሉ የፊልም ይመስለዋል። ታሪኩ ግን ሁለቱን ያዛምዳቸዋል። (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አለን ብሉምላይን የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ በ1931 ከባለቤቱ ጋር ሲኒማ ገብቶ እንደነበር ይነገራል። በዚያ ዘመን የፊልም ድምፅ የሚወጣው ከአንድ ቦታ ብቻ ነው። ተዋናዩ ከስክሪኑ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሲሄድ ድምፁ እዚያው ተገትሮ ይቀራል። ብሉምላይን ይሄ አላስቻለውም፤ ድምፁ ሰውየውን እንዲከተል የማደርግበት መላ አለኝ ብሎ ለባለቤቱ ነገራት። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር የፈጠራ መብት ማመልከቻውን አስገባ። በ1934 ደግሞ ለንደን በሚገኘው አቢ ሮድ ስቱዲዮ አንድ ትልቅ ኦርኬስትራ በዚሁ ዘዴ ቀዳ።

ሲኒማ ቤቶች ከዚያ ወዲያ ብዙ መንገድ ሄደዋል። በ1992 «ባትማን ሪተርንስ» የተባለው ፊልም ዶልቢ ዲጂታል በሚባለው አሠራር ወጣ። ዛሬ በየሱቁ «5.1» ተብሎ የምታዩት ያ ነው፦ ከፊት 3፣ ከጎንና ከኋላ 2፣ እነዚህ 5ቱ ናቸው፤ ነጥብ 1 የተባለው ደግሞ የወፍራም ድምፅ ብቻ የሆነው መስመር ነው። ለ5.1 አቀማመጥ የወጣውን ዓለም አቀፍ ምክር ብታዩት የፊቶቹን ሁለት ስፒከሮች ከመካከለኛው መስመር ግራና ቀኝ በ30 ዲግሪ አድርጉ ይላል። ይሄ ለስቴሪዮ ሙዚቃ ከሚመከረው ቦታ ጋር አንድ ነው። ስለዚህ ፊልምና ዘፈን በቦታ አይጣሉም።

ቦታው ግማሽ ዋጋ አለው

ምግብ ቤት ውስጥ ስፒከር የሚሰቀለው እዚህም እዚያም ተበትኖ ነው። እንግዳው የትም ቢቀመጥ እኩል ይሰማዋል፣ ወሬውም አይቋረጥም። ቤት ግን ተቃራኒው ነው። ቤት ውስጥ ሰው ተቀምጦ የሚሰማበት ቦታ ይታወቃል፣ ስፒከሩም ወደዚያ ቦታ ነው መናገር ያለበት።

ሜትር ያዙ። በ2ቱ ስፒከሮች መካከል 2 ሜትር ካለ፣ ከእያንዳንዱ ስፒከር እስከ ሶፋው መሐል ድረስም 2 ሜትር ገደማ ይሁን። ሦስቱ ጎኖች እኩል ሲሆኑ ያ 30 ዲግሪ በራሱ ይመጣል። ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው ትንሹ ክብ በተቀመጠ ሰው ጆሮ ቁመት ይሁን፤ ከወለሉ 90 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ማለት ነው። ስፒከሩን ቁም ሳጥን ውስጥ አትክተቱት። በመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ከሆነም ወደ ጫፉ አውጡት። ቴሌቪዥኑ መሐላቸው ይሁን፣ ከእነሱ ትንሽ ወደ ኋላ።

ሶፋው ከኋላ ግድግዳ ጋር ከተለጠፈ፣ ከተቻለ ከ30 እስከ 50 ሴንቲ ሜትር ወደፊት ሳቡት። ወፍራም ድምፅ ግድግዳ ጋ ያብጣል። 5 ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል ውስጥ 34 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ይመላለሳል፤ ግድግዳው ጋ ይበዛል፣ ልክ መሐሉ ላይ ደግሞ ይጠፋል። ስለዚህ የግድግዳው ጥግም የክፍሉ ትክክለኛ መሐልም ለመቀመጫ አይመቹም።

አሁን ክፍሉ መሐል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። «ጭው» የሚል ተደጋጋሚ ነገር ከሰማችሁ ክፍሉ ባዶ ነው፣ ድምፁ በግድግዳ ላይ እየነጠረ ነው። ምንጣፍ፣ ወፈር ያለ መጋረጃ፣ መጻሕፍት የሞላበት መደርደሪያ ይረዱታል። ነጠላ ግድግዳ ላይ ብትሰቅሉ ውበት ነው እንጂ ለድምፅ አይረዳም፤ ታጥፎ የተሰቀለ ጋቢ ግን ቀጭኑን ድምፅ ይይዛል። የት ይሰቀል ለሚለው አንድ ሰው መስተዋት ይዞ በጎን ግድግዳው ላይ ያንሸራትት፣ ሌላው ሶፋው ላይ ይቀመጥ። የተቀመጠው ሰው ስፒከሩን በመስተዋቱ ውስጥ ሲያየው፣ ድምፁ የሚነጥርበት ቦታ እሱ ነው።

ደግሞ ረከቦቱን ከስፒከሩ አጠገብ አታድርጉት። ቤዙ ሲመጣ ሲኒዎቹ ይንቀጫቀጫሉ፣ እናንተ ስፒከሩ ተበላሸ ብላችሁ ትጨነቃላችሁ።

ቀጥሎ የሚጨመረው

ሁለቱ ከቆሙ በኋላ ሦስተኛው የመሐል ስፒከር ይሁን። ሶፋው መሐል ለተቀመጠ ሰው ሁለቱ ብቻቸውን ንግግሩን ከስክሪኑ መሐል ያመጡለታል። ዳር የተቀመጠችው ልጅ ግን ንግግሩን የምትሰማው ከሚቀርባት ስፒከር ብቻ ነው። 5 ሰው የሚቀመጥበት ሶፋ ካላችሁ የመሐሉ ስፒከር ያስፈልጋችኋል። ጆሮዋ ደከም ላለው አያት ደግሞ የእሱን ድምፅ ብቻ 2 ወይም 3 ዲሲቤል ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ቤቱ ሁሉ ሳይጮህ ንግግሩ ይሰማታል። ስዊድንኛን ከፊልም ለምንማር ለእኛ ለወላጆችም ንግግሩ ጥርት ማለቱ ብዙ ይረዳናል።

አራተኛው ሳብዉፈር፣ ማለትም የቤዝ ሳጥኑ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ80 ኸርዝ በታች ያለው ድምፅ ለእሱ ይሰጣል፤ ከዚያ በታች ያለውን ድምፅ ጆሯችን ከየት እንደመጣ በቀላሉ አይለየውም። ስለዚህ ሳጥኑ ከፊት መሆን የለበትም። ቦታውን ለማግኘት አንድ የታወቀ ዘዴ አለ። ሳጥኑን ሶፋው ላይ፣ እናንተ በምትቀመጡበት ቦታ አስቀምጡት፤ ቤዝ የበዛበት ዘፈን ክፈቱ፤ ከዚያ በእንብርክክ ክፍሉን ዙሩ። ቤዙ ሳያብጥም ሳይጠፋም እኩል የሚሰማበት ቦታ ስትደርሱ፣ ሳጥኑ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ይሄን ለልጆች ስጧቸው፣ በሳቅ ይሞታሉ።

የጎንና የኋላ ስፒከሮች መጨረሻ ይምጡ። ቦታቸው ከጆሮ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ነው። የዝናብና የንፋስ ድምፅ፣ የሕዝብ ጫጫታ ያመጣሉ። ደስ ይላሉ፣ ግን ቤተሰቡ ለዓመታት ያለ እነሱ መኖር ይችላል። በገና ዋዜማ 9 ሰዓት ላይ ስዊድን በሙሉ ቁጭ ብሎ የሚያየው ካሌ አንካ እንኳ በ2 ጥሩ ስፒከሮች በደንብ ያምራል።

ገመዱና ማሽኑ

ሦስት መንገድ አለ፤ ከቀላሉ ልጀምር።

አንደኛው መንገድ 2 ስፒከሮችና 1 የስቴሪዮ አምፕሊፋየር ብቻ ነው። ኤችዲኤምአይ ኤአርሲ የሚል መግቢያ ያለው አምፕሊፋየር ፈልጉ። ከቴሌቪዥኑ በአንድ ገመድ ይገናኛል፣ ድምፁም በቴሌቪዥኑ ሪሞት ይጨመራል፣ ይቀነሳል። በቴሌቪዥኑ የድምፅ ማስተካከያ ውስጥ «ፒሲኤም» ወይም «ስቴሪዮ» የሚለውን ምረጡ። አለዚያ ቴሌቪዥኑ አምፕሊፋየሩ የማይገባውን የ5.1 ድምፅ ሊልክ ይችላል፣ እናንተም ዝምታ ብቻ ትሰማላችሁ።

ሁለተኛው መንገድ ኤቪ ሪሲቨር የሚባለው ነው። በአንድ ሳጥን ውስጥ 5 ወይም ከዚያ በላይ ስፒከር የሚነዳ አምፕሊፋየር አለው። አብሮት የሚመጣውን ማይክሮፎን ሶፋው ላይ አድርጋችሁ ክፍሉን ራሱ እንዲለካ ታደርጋላችሁ። ፊልምና ዘፈን በአንድ ማሽን መያዝ ለሚፈልግ ቤተሰብ የምመክረው ይሄንን ነው። ግን ዘፈን ስትከፍቱ በሪሞቱ ላይ «ስቴሪዮ» ወይም «ዳይሬክት» የሚለውን መጫን አትርሱ። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሦስተኛው መንገድ ለሙዚቃ ለሚጨነቅ ሰው ነው፤ ሁለቱን ማሽኖች ማጋባት። የፊቶቹ 2 ስፒከሮች ከስቴሪዮ አምፕሊፋየሩ ጋር ይታሰራሉ። ኤቪ ሪሲቨሩ የመሐሉንና የኋላዎቹን ይነዳል፤ የፊቶቹን ድምፅ ደግሞ «ፕሪ አውት» በሚለው መውጫ በኩል ለአምፕሊፋየሩ ያቀብላል። አምፕሊፋየሩ ላይ «ባይፓስ» የሚባል መግቢያ ሲኖር የእሱ የድምፅ ማዞሪያ ከጨዋታው ይወጣል፣ ሪሲቨሩ ብቻ ይቆጣጠራል። ዘፈን ሲሰማ ሪሲቨሩ ይጠፋል፣ አምፕሊፋየሩ ብቻውን ይሠራል። በአንደኛው መንገድ የጀመረ ሰው ምንም ሳይጥል ወደዚህ ማደግ ይችላል፤ ስለዚህ አምፕሊፋየር ስትገዙ ባይፓስ አለው ወይ፣ ሪሲቨር ስትገዙ ፕሪ አውት አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ በባይፓስ መግቢያ ላይ ስልክ ወይም ሲዲ ማጫወቻ በፍጹም አትሰኩ። የድምፅ መቆጣጠሪያ ስለሌለው በሙሉ ጉልበቱ ይጮሃል፣ ስፒከሩንም ጆሮንም ይጎዳል።

የድሮ ዘፈኖቻችን ጉዳይ

አምሃ እሸቴ በ1969 አምሃ ሬከርድስን አዲስ አበባ ላይ ሲከፍት ሸክላ የማሳተም መብቱ በመንግሥት እጅ ነበር። እሱ ግን ደፍሮ ገባበት፣ እስከ 1975 ድረስም ከመቶ በላይ ትናንሽ ሸክላዎችን አወጣ። ከዚያ ካይፋ ሬከርድስ መጣ፣ ቀጥሎም የካሴት ዘመን ሆነ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ብዙዎቹን በሲዲ አወጣቸው። ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው የሚያገኙት በአብዛኛው ከዚያ የመጣ ነው።

ከእነዚያ ሸክላዎች ብዙዎቹ የተቀዱት በሞኖ ነው፤ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ ነው ያለው። ኤቪ ሪሲቨሩ በፊልም ዘዴ ላይ ተቀምጦ ሞኖ ሸክላ ብትከፍቱበት፣ ግራና ቀኙ አንድ ከሆነ ይሄ ንግግር ነው ብሎ ሁሉንም ወደ መሐሉ ትንሽ ስፒከር ይገፋዋል። ጥላሁን ከነኦርኬስትራው ከቴሌቪዥኑ ሥር ባለች ሳጥን ውስጥ ገብቶ ይቀራል ማለት ነው። «ስቴሪዮ» የሚለውን ተጫኑ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ያኔ ሁለቱ ትልልቆቹ ስፒከሮች አብረው ይዘፍናሉ፣ ድምፃዊውም መሐል ላይ፣ ምንም ስፒከር በሌለበት አየር ላይ ይቆማል።

ሳሎናችሁን ለመፈተን ብዙ ዘፈን አያስፈልግም። ከኢትዮፒክስ 11ኛው የዓለሙ አጋ በገና ነው። ዝቅ ያለውና የሚርገበገበው የአውታሩ ድምፅ ከተሰማችሁ ስፒከራችሁ ጤነኛ ነው። በዐቢይ ጾም ቤቱ ጸጥ ሲል ልጆቹን አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ ስሙት። 21ኛው የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ ፒያኖ ነው፤ ቀስ ባለ ድምፅ ማታ ለመስማት ይመቻል። 4ኛው የሙላቱ አስታጥቄ ነው። የሙላቱን ሙዚቃ ጂም ጃርሙሽ በ2005 «ብሮክን ፍላወርስ» በሚለው ፊልሙ ውስጥ አስገብቶታል፤ በታሪኩ ውስጥ የኢትዮጵያ ተወላጅ የሆነው ጎረቤት ነው ሲዲውን ለዋናው ሰውዬ የሚሰጠው። ፊልሙ የአዋቂ ነው፣ ልጆቹ ሲተኙ እዩት። አርብ በፊልሙ ውስጥ የሰማችሁትን ሙላቱን እሁድ ለብቻው ስትከፍቱት በሁለቱም ቀን ያው ሙላቱ ከመሰላችሁ፣ ክፍሉ ሥራውን ሠርቷል።

ጎረቤትና ጆሮ

ብዙዎቻችን የምንኖረው ከ1965 እስከ 1974 በሚሊዮን ፕሮግራም በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ነው፦ ሪንከቢ፣ ቴንስታ፣ ሁስቢ፣ ሸርሆልመን። ኮንክሪት ወሬን ያግዳል፣ ቤዝ ግን ኮንክሪቱን ይዞ ወደ ላይም ወደ ታችም ይጓዛል። ዮርዳባልክ የሚባለው ሕግ ምዕራፍ 12 አንቀጽ 25 ተከራይ ጎረቤቱን ከመጠን በላይ እንዳያውክ ያዝዛል፤ ይሄ የሚሠራው ሌሊት ብቻ አይደለም፣ ቀንም ጭምር ነው። የብዙ ሕንፃዎች ደንብ ደግሞ ከ22፡00 እስከ 07፡00 ጸጥታ ይጠይቃል። የሕዝብ ጤና ባለሥልጣኑ ፎልክሄልሶሚንዲሄተን ወደ መኖሪያ ቤት ለሚገባ ድምፅ ባወጣው ምክር በአማካይ 30 ዲሲቤል ሲል፣ ለሙዚቃ ግን 25 ዲሲቤል ነው ያለው። 25 ዲሲቤል ከሹክሹክታ ያነሰ ነው።

ስለዚህ ሳብዉፈሩን ጎረቤት ከሚጋራው ግድግዳ አርቁት፣ ከምሽቱ 22፡00 በኋላ አጥፉት። ሪሲቨሩ ላይ «ናይት» የሚል ምርጫ ካለ ተጠቀሙበት፤ ፍንዳታውን ዝቅ፣ ንግግሩን ከፍ ያደርጋል። ከሁሉ በፊት ግን አንድ እሁድ ዘፈን ክፈቱና ጎረቤታችሁን በር አንኳኩታችሁ «ይሰማዎታል?» ብላችሁ ጠይቁ። ትንሽ ዳቦና ቡና ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ የተሻለ ነው። ቀድሞ የተጠየቀ ጎረቤት ለስቶርኒንግሾሩ ከመደወሉ በፊት ለእናንተ ይደውላል።

የልጆችም ጆሮ አለ። ስዊድን ውስጥ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በሚገቡበት ኮንሰርት አማካይ ድምፁ ከ97 ዲሲቤል እንዳይበልጥ ነው የሚመከረው። የዓለም ጤና ድርጅት ልጆች በጆሮ ማዳመጫ ሲሰሙ በሳምንት እስከ 40 ሰዓት በ75 ዲሲቤል እንዲወሰን ይመክራል። የጆሮ ማዳመጫ ውስጥ ልጁ ምን ያህል እንደጮኸበት ወላጅ አያውቅም። ሳሎን ውስጥ ግን ሁላችንም አንድ ድምፅ ነው የምንሰማው፣ ሲበዛ እጃችን ማዞሪያው ላይ ነው።

ስቶክሆልም ላይ ከየት ይገዛል?

አዲስ ዕቃ መግዛት ግዴታ አይደለም። ጥሩ ስፒከር 20 ዓመትም ከዚያም በላይ ይሠራል፣ ቴሌቪዥን ግን በየጊዜው ይለወጣል። ብሎኬትን፣ ትራዴራን፣ የሚሮርናን ሱቆች፣ በየሰፈሩ የሚደረገውን ሎፒስ እዩ። እግረ መንገዳችሁን አንድ ስም ያዙ፦ ስቲግ ካርልሶን። ይሄ ስዊድናዊ መሐንዲስ ስፒከር የሚሠራው ለተራ ሰው ሳሎን ብሎ ነበር። በ1960ዎቹና 70ዎቹ በሶናብ ስም የወጡት ስፒከሮቹ ከግድግዳ ጋር ተጠግተው ይቆማሉ፤ ድምፁን ወደ ላይና ወደ ተለያየ አቅጣጫ እየለቀቁ ክፍሉን ራሱን ይጠቀሙበታል። ሶፋ ላይ መሐል መቀመጥ የማይሆንለት ቤተሰብ ይወዳቸዋል።

አሮጌ ስፒከር ስትገዙ ጨርቁን አንስታችሁ ክቡን የሚይዘውን የዳር ቀለበት እዩ፤ በጣት ሲነካ የሚፈረፈር ከሆነ ተዉት። ሁለቱን በየተራ ለየብቻ አሰሙኝ በሉ። አንደኛው ቢያንሾካሽክ ወይም ቢያንቀጫቅጭ ዋጋው ቢረክስም አትውሰዱት። የምታውቁትን ዘፈን በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ልጃችሁንም ውሰዱ፤ የልጅ ጆሮ ከእኛ የተሻለ ቀጭኑን ይሰማል።

ለልጆች፦ ዘፋኙ የት ነው?

ልጆች፣ ይሄ ጨዋታ የእናንተ ነው። አባባን ወይም እማማን የድሮ ዘፈን እንዲከፍቱ ጠይቁ፤ በ«ስቴሪዮ» መሆኑን ግን እናንተ አረጋግጡ። ሶፋው መሐል ተቀምጣችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ። በጣታችሁ ዘፋኙ ወዳለበት አመልክቱ፣ ከዚያ ዓይናችሁን ግለጡ። ጣታችሁ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል ባዶውን ቦታ ካሳየ ትክክል ናችሁ! ወደ አንዱ ካጋደለ ስፒከሩን ትንሽ አንቀሳቅሱና እንደገና ሞክሩ። ከዚያ ወላጆቻችሁን አስቀምጧቸውና እናንተ ፈትኗቸው። ስለ ዘፋኙም ጠይቋቸው፤ ማን ነበር፣ የት ሰሙት፣ ያኔ ስንት ዓመታቸው ነበር? ሙዚቃው ጥርት ብሎ ሲሰማ ታሪኩም አብሮ ይመጣል።

ያ የ13 ዓመቷ ልጅ አባት እስካሁን አልገዙም። የነገርኳቸው ይሄንኑ ነው፦ መጀመሪያ ሁለት፣ በደንብ የቆሙ ሁለት፣ ልጅቷም አብራ ትምረጥ። በሚቀጥለው ወር፣ እግዜር ቢል፣ የበዓል ድፎ ዳቦን በስዊድን ምድጃ እንዴት እንደምንጋግር እናወራለን። እስከዚያው በሰላም ክረሙ።